መሐላ እስከ የት ያስራል?

ከኢትዮጵያዊት ስደተኛ የተወለደው የሚኒያፖሊሱ የኤፍ.ቢ.አይ. ወኪል ቴሪ አልበሪ፣ መሥሪያ ቤቱ መረጃ አቀባዮችን ስለሚመለምልበት አሠራር የሚገልጹ ምስጢራዊ ሰነዶችን ለጋዜጠኛ ሰጠ። ያነሳሳው በአናሳ ማኅበረሰቦች ላይ ያየው በደል እንደሆነ ተናግሯል። ጥፋቱን አምኖ በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ሴንት ፖል ላይ 4 ዓመት እስር ተፈረደበት። ምስጢር ሊጠብቅ ቃል አልገባም ወይ? ሙግቱ ከባድ ነው፤ ሁሉም እንደ ስሜቱ ሰነድ ቢያወጣ መንግሥት አይጸናም። ነገር ግን የማለው ለሕገ መንግሥቱ እንጂ ለአለቆቹ አልነበረም።

በውስጥ መንገድ ለምን አላመለከተም ለሚሉ፣ የዚያው የሚኒያፖሊስ ቢሮ የሕግ አማካሪ የነበረችው ኮሊን ራውሊ ምስክር ናት። የሚኒያፖሊስ ወኪሎች ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በፊት በሽብር የጠረጠሩትን የሙሳዊን ኮምፒውተር ለመፈተሽ ወትውተው ዋናው መሥሪያ ቤት አልሰማቸውም፤ ይህን ያጋለጠችበት ደብዳቤ የተደመጠው በ2002 እ.ኤ.አ.፣ ሦስት ሺህ ያህል ሰው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ አልበሪ ሕግ መጣሱን ብቀበልም፣ ቅጣቱ ከጥፋቱ በላይ ነበር እላለሁ።