የጳጉሜን ወለድ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሰው ከአሮጌ ቤት ወደ አዲስ ቤት ሲገባ ዕቃውን ሁሉ ወደ ደጅ አውጥቶ ያያል። የጠፋበትን ያገኛል፤ ከአልጋው ሥር ለብዙ ዘመን የተከማቸውንም ጉድፍ ያያል። እኔ ዛሬ ከአንተ ጋር ልመረምረው የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው። ሰው ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሲሸጋገር፥ ሳያውቅ ሲጠቀምበት የኖረውን ስሕተት ቢያገኝ፥ ዝም ብሎ ሊያልፈው ይገባዋልን?

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በፀዳ፥ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ከተማ የምኖር ሰው ነኝ። ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከተሰናበትሁ በኋላ የአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ሆንሁ። የማኅበሩ ሒሳብ በ2005 ዓ.ም. ቪዥዋል ቤዚክ 6 በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ በተጻፈ ፕሮግራም ይሠራ ነበር። ይህን ቋንቋ ማይክሮሶፍት በ1998 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አውጥቶ፥ በ2008 ድጋፉን አቁሞለታል። ፕሮግራሙን የጻፈውም ሰው አገር ለቆ ሄዷል። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. ቀድሞ ተማሪዬ የነበረ አንድ ወጣት ሒሳቡን ዶት ኔት ወደሚባለው አዲስ ሥርዓት እንዲያዛውር ተቀጠረ።

ወጣቱ ጥንቁቅ ነበር። በእንግሊዝ አገር ቲ.ኤስ.ቢ. የተባለው ባንክ በ2018 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሒሳቡን ወደ አዲስ ሥርዓት ሲያዛውር፥ እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ወደ ሒሳባቸው መግባት ተስኗቸው እንደ ነበረ፥ ባንኩም በ2022 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ እንደ ተቀጣ ነገረን። ስለዚህ አሮጌውን ወዲያው አልጣለም። ከሐምሌ ጀምሮ ሁለቱን ፕሮግራሞች ጎን ለጎን እያሠራ፥ ያንኑ ገቢና ወጪ ለሁለቱም እየሰጠ፥ መልሳቸውን ያስተያይ ነበር። በሐምሌና በነሐሴ በሳንቲም እንኳ አልተለያዩም። በጳጉሜን ግን ተለያዩ።

ምክንያቱን ፈልጎ አገኘው። በማኅበሩ ደንብ ወለድ በዓመት ከመቶ 12 ነው። አሮጌው ፕሮግራም ግን በወር ከመቶ 1 እያሰበ፥ አምስቱን ወይም ስድስቱን የጳጉሜን ቀን እንደ አንድ ሙሉ ወር ይቈጥር ነበር። እንግዲህ 12,000 ብር ተበድሮ ዋናውን በዓመቱ መጨረሻ የሚመልስ ሰው 1,440 ብር ወለድ መክፈል ሲገባው 1,560 ብር ይከፍል ነበር። 120 ብር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 11 ጳጉሜን አልፏል፥ ተበዳሪውም ብዙ ነው። ከዚህ የተገኘው ገንዘብ እንደ ትርፍ ተቈጥሮ ለአባላት ተከፋፍሏል። እኔም ድርሻዬን ተቀብያለሁ።

በኮሚቴው ስብሰባ አንዱ «አዲሱንም እንደ አሮጌው አድርገው፤ የተኛ ነገር አትቀስቅስ» አለ። እኔም ደገፍሁት። ሕዝቡ ቢሰማ ገንዘቡን አውጥቶ ይሄዳል፥ ማኅበሩም ይፈርሳል፥ የሚጐዱትም እነዚያው ድኾች ናቸው ብዬ ተናገርሁ። ምክንያቴ መልካም ይመስል ነበር።

ወጣቱም እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፥ እንደ አሮጌው አድርጌ ማዛወር እችላለሁ። እንዲያውም አስቀድሞ ያለውን እንዳለ ማዛወር ጥሩ ልማድ ነው፤ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ስሕተት ቢመጣ ከየት እንደ መጣ አያውቅም። ነገር ግን እንዳለ የማዛውረው በኋላ ላርመው ነው እንጂ ልሸሽገው አይደለም። እስከ ዛሬ ፕሮግራሙ ተሳስቷል፤ ከዛሬ ወዲያ ግን እኛ ነን።»

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሁለት ነገር ትዝ አለኝ። በዚያው ዓመት በመጋቢት፥ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ሳቢያ በተፈጠረ ችግር፥ በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ያወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ያላግባብ የወጣውም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ባንኩ ገልጦ ነበር። ከእነዚያም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ያን ጊዜ እኔ የሰፈሩን ወጣቶች ሰብስቤ «ማሽን ተሳስቶ የሰጠህ ገንዘብ ያንተ አይደለም» ብዬ ገሥጫቸዋለሁ። ስድስት ወር ሳይሞላ ያው ፈተና ለእኔ ደረሰ፤ እኔም ወደቅሁ።

ሁለተኛው ይበልጥ አሳፈረኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጠላ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት ተበዳሪ ወደ እኔ መጥታ «መምህር፥ ጳጉሜን ወር ናት እንዴ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔም «እኅቴ፥ ኮምፒውተር አይሳሳትም» ብዬ መለስኋት። ባስተማርሁበት ዘመን ሁሉ ለጳጉሜን ደመወዝ ተቀብዬ የማላውቅ ሰው እኔ ነኝ! እርሷ በጣቷ ቈጥራ ያወቀችውን፥ እኔ የተማርሁት ሰው ማሽን አምኜ አልሰማኋትም።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የመዝገብ አያያዝ ያስተማሩን መምህር አንድ ደንብ ነበራቸው። በመዝገብ ላይ የተሳሳተን ቍጥር መፋቅ ክልክል ነው፤ በአንድ መስመር ትሰርዘዋለህ፥ ትክክለኛውን ከላይ ትጽፋለህ፥ ስምህንም ከጎኑ ትፈርማለህ። የተሰረዘው መነበብ አለበት። ልጅ ሳለሁ ይህ የእጅ ሥራ ንጽሕና ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሕሊና ትምህርት ኖሯል።

በማግሥቱ ለኮሚቴው ቃሌን አነሣሁ። ነገሩ ለጠቅላላ ጉባኤ ቀረበ። አንዳንዶች ተቈጡ፥ ጥቂቶችም ገንዘባቸውን አውጥተው ሄዱ፤ ፍርሃቴ ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ቢሆንም ማኅበሩ አልፈረሰም። ትርፍ የተወሰደው ወለድ ለየባለቤቱ እንዲመለስ ተወሰነ፤ የዚያን ዓመት የትርፍ ክፍያ ቀረብን። የሞቱትና የት እንደ ገቡ ያልታወቁት ተበዳሪዎች ገንዘብ በአዲሱ መዝገብ የማኅበሩ ዕዳ ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ወደዚያች ሴት ቤት እኔው ሄድሁ። «ነግሬዎት ነበር እኮ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። ተገቢ ነበር።

እንግዲህ ልጄ ሆይ፥ ነገ አንተም አሮጌ ሥራ ትረከባለህ፤ መዝገብ ይሁን፥ ፕሮግራም ይሁን፥ ቤተሰብ ይሁን። አሮጌውን ሳትመረምር አትናቀው፤ የሠራው ሰው የሚያውቀውና አንተ የማታውቀው ነገር አለበት። ስሕተቱን ባገኘህ ጊዜ ግን፥ ስታውቅ ያዛወርኸው ስሕተት ከዚያች ቀን ጀምሮ የአንተ እንጂ የቀደመው ሰው አለመሆኑን አስብ። አትፋቀው፤ ሰርዘህ ትክክለኛውን ጻፍ፥ ስምህንም ፈርም።