ስለ ሕማምና ስለ መከራ ስሞች

በውጭ አገር የሚያድጉ ብዙዎች የምእመናን ልጆች ከአማርኛው ይልቅ እንግሊዝኛውን አጥርተው ስለሚያውቁ፥ የሰሙነ ሕማማትን ትምህርት በዚያው ቋንቋ ማስረዳት ግድ ሆኗል። የሚተረጕመው ሰው ግን ገና ከመጀመሪያው ቃል ላይ ይቆማል፤ እኛ «ሕማም» ብለን በአንድ ስም የምንጠራውን እንግሊዝኛው ለብዙ ስሞች ከፋፍሎታልና።

«ፔይን» የሚባለው ቃል ሥሩ የላቲኑ «ፖየና» ነው፤ እርሱም ከግሪኩ «ፖይኔ» የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የበደል ካሳ፥ ቅጣት ማለት ነው። ዛሬ ጥርሱን የሚያመው እንግሊዛዊ ግን ቃሉን ሲናገር ቅጣትን አያስብም፤ የሚሰማውን ብቻ ይናገራል። «ሰፈሪንግ» ደግሞ ከበታች ሆኖ መሸከም ከሚል የላቲን ግሥ የወጣ ነው። ሁለቱም ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም፤ ልጁ የሞተበትን አባት አንድም አካሉ ሳይቈስል ሁለተኛው ያጐብጠዋል፥ በተስፋ የምትወልድ እናት ግን ፊተኛው ቢጸናባትም ሁለተኛው ሊቀልላት ይችላል።

ይህ የመሸከም ፍቺ በቀድሞው እንግሊዝኛ «መፍቀድ» እስከ ማለት ይደርስ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1611 ዓ.ም. የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጕም፥ ጌታችን ሕፃናትን እንዳይከለክሏቸው ባዘዘበት ስፍራ (ማር. 10፥14) ይህንኑ ግሥ ያገባል፤ የዛሬ ልጅ ሲያነበው ሕፃናቱ እንዲሠቃዩ የታዘዘ ቢመስለው አይፈረድበትም። «ፓሽን»ም እንዲሁ ነው፤ የጌታችን ሕማማት በዚህ ስም ይጠራል፥ በየዕለቱ ንግግር ግን ብርቱ ምኞትን ያመለክታል። ቢሆንም ትዕግሥትንና በሽተኛን ከሚጠሩባቸው ቃላት ጋር ከአንድ ሥር ስለ በቀለ የመቀበልን ምሥጢር ይዟል። ቅዱስ ቄርሎስ በ12ኛው ውግዘቱ ቃል በሥጋ እንደ ታመመ ያስተማረውን «ፔይን» በሚለው ብቻ ብንተረጕም፥ የችንካሩን ሥቃይ እንናገራለን፤ በፈቃዱ መቀበሉ ግን ይቀርብናል።

የእኛም ቃል ያለ ምሥጢር አይደለም። «መከራ» በግእዝ «አመከረ»፥ ማለት ፈተነ፥ ከሚለው የወጣ ነውና ከ«ምክር» ጋር ይዛመዳል፤ «ምከረው ምከረው፥ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውም ተረት ዝምድናውን ያውቃል። እንግዲህ የእነርሱ ቃል ቅጣትን፥ የእኛው ምክርን በውስጡ ሸሽጓል። የሚያስፈራውም ይህ የተሸሸገው ፍቺ በታማሚ አልጋ አጠገብ ከአፋችን ሲወጣ ነው። የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ አልተነቀፉም፤ የተነቀፉት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው።

እኛም በክህነት አገልግሎታችን መጀመሪያ ወራት፥ የሆድ ሕመም የጸናባትን አንዲት እናት ልንጠይቅ ገብተን፥ መከራ እግዚአብሔር የሚመክርበት ነው እያልን ብዙ አስተማርናት። እስክንጨርስ ታግሣ፥ «አባቴ፥ ይህስ እውነት ነው፤ ትራሱን ትንሽ ከፍ ቢያደርጉልኝ» አለችን። ከፍ አደረግንላት። ዓይኗንም ጨፍና ጸሎቱን ከእኛ ጋር ትል ጀመር።