ማንሳት

በቋንቋችን ካሜራ የደገነ ሰው «አነሳ» ይባላል፤ የወደቀን የደገፈም «አነሳ» ይባላል። ለመሆኑ በረሃብ የወደቀን ሰው ፎቶግራፍ ያነሳ ጋዜጠኛ ሰውየውን አንስቶታል? ወይስ መልኩን ይዞበት ሄዷል?

ይህን ጥያቄ ያለ ሞሐመድ አሚን መመርመር አይቻልም። በ1935 ዓ.ም. ናይሮቢ የተወለደው፣ ካሜራውን አንግቶ አፍሪካን ያካለለው አሚን፣ በጥቅምት 1977 ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ገባ። ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድምቀት ካከበረ ገና ወሩ ነበር። ፊልሙ ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ታየ፤ ከዚያም በዓለም ዙሪያ ተዳረሰ። እርዳታ ጎረፈ፤ ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተካሄደ። በዚያ ካሜራ ሰበብ የተረፈው ነፍስ ብዙ ነው።

አሚን ራሱም ለሙያው ከፍሏል። በግንቦት 1983 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ። በሰው ሠራሽ እጅ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲከሰከስ ሕይወቱ አለፈ። እንዲህ ያለውን ሰው «መልክ ይዞ ሄደ» ማለት ግፍ ይሆናል።

ይሁን እንጂ የአንሺውን ስም ዓለም ሲያውቀው፣ ከተነሱት የአብዛኞቹን ስም የሚያውቅ የለም። «የተራበ ሕፃን»፣ «ኢትዮጵያዊት እናት» ተብለው ቀሩ። ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው «አታንሳኝ» ለማለት አቅም የለውም። ዝምታው ፈቃድ ነው እንዴ?

ኮረም በዋናው መንገድ ላይ ናት። እናቴ የተወለደችበት ስማዳ ግን፣ እንደ ጋይንትና እስቴ ቆላዎች ሁሉ ድርቅ ቢደጋግመውም፣ ከዋናው መንገድ የራቀ አገር ነው። በዚያው በ1977 ታናሽ ወንድሟን ቀበረች። ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው አላየችም። የኮረሞቹ መልካቸው ቀርቶ ስማቸው ጠፋ፤ የአጎቴ ስሙ ቀርቶ መልኩ ጠፋ።

ይህን ስጽፍ የልጁን ስም ላስገባ ብዬ ጠየቅኋት።

«ጽፈህ ምን ታደርገዋለህ? እኔ አነሳው የለም እንዴ!» አለችኝ።

«ፎቶግራፍ ቢኖረውስ አትወጂም ነበር?»

ዝም አለች። ቆይታ፣ «ሲስቅ ከሆነ» አለች። «በዚያ ሰሞን የነበረውንስ እግዜር አይቶታል።»

ያኔ አፈርሁ። ስሙን የፈለግሁት ለእሱ ብዬ ሳይሆን ጽሑፌ እንዲያምርልኝ ነበር። በአሚን ላይ ያነሳሁት ጥያቄ ዞሮ ወደ እኔው መጣ።

ግን ደግሞ አንድ ካሜራ ስማዳ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ምናልባት ይተርፍ ነበር። ስለዚህ «አታንሱ» አልልም። ነፍስ ለማዳን ሲባል ሳይጠይቁ ማንሳት ግድ የሚሆንበት ሰዓት አለ። ያን ጊዜ አንሺው ባለዕዳ ነው፤ የሚችል ከሆነ ተመልሶ ስም ይጠይቅ፣ «አይሆንም» ሲባልም ይቀበል።

የአጎቴን ስም አልጻፍሁትም። እናቴ ታነሳዋለች።