ገዢው ካልጠየቀኝ ልናገር ይገባኛል? ያገለገለ የናፍጣ መኪና ለምትገዙና ለምትሸጡ



ወንድሜ፣ በዚህ ጁምዓ ስለ ያገለገለ የናፍጣ መኪና ላወራህ ነው። እህቴ፣ አንቺም አትለፊው፤ ለመኪናው የሚሆነውን ገንዘብ ከዐረብ አገር የምትልኪው ብዙ ጊዜ አንቺ ነሽ። የጁሙዓ ሱራ ሶላቱ ሲያበቃ በምድር ላይ ተበትነን የአላህን ሲሳይ እንድንፈልግ ይነግረናል። የምንበተንበት ገበያ ውስጥ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጠብቀናል፦ የምሸጠውን ዕቃ እንከን ገዢው ካልጠየቀኝ የመናገር ግዴታ አለብኝ ወይ?

ጥያቄው ለእኛ ሰፈር የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው መንገድ ስንቱ ወጣት ነው አባቱ የዲከረንስ ማሳውን ከሰል አድርጎ ሸጦለት፣ እቁብ ወጥቶለት፣ ዘመድ አበድሮት አንድ አሮጌ ሚኒባስ ወይም ፒክአፕ ገዝቶ ሊተዳደርበት የሚያስበው። መንግሥት በ2016 ዓ.ል በናፍጣና በቤንዚን የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ አገር ውስጥ ያለው መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። በዞረ ቁጥር ያረጃል፤ በዞረ ቁጥርም አንድ ሰው የሚያውቀው፣ ሌላው የማያውቀው ነገር ይጨመርበታል።

የገበያው መልስ አጭር ነው፤ "ዓይኑን ከፍቶ ይግዛ" ይላል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ያገኙበትን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተነዋል። አንድ ነገር ግን ልብ በል። ያ ነጋዴ አልዋሸም። ማንም አልጠየቀውም። እህሉንም ያረጠበው ዝናብ ነው፣ እርሱ አይደለም። ዛሬ ሻጭ የሚደረድራቸው ሦስቱም ሰበቦች ነበሩት። የቀረበለት ጥያቄ ግን ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግከውም የሚል ነበር። ያንን መደበቅ ማጭበርበር ተብሎ ተጠራ፣ አጭበርባሪም ከእኛ አይደለም ተባለ። ስለዚህ ዝም ማለት ራሱ እርጥቡን ከሥር ማድረግ ነው። ገዢው ክርስቲያን ጎረቤትህ ቢሆንም ያው ነው፤ ማጭበርበር ሃይማኖት አይለይም።

ሌላም ሐዲስ አለ፣ ለመኪና የተነገረ እስኪመስል የሚገጥም። ግመልን ወይም በግን ሳያልቡ አቆይተው፣ ጡቷ ሞልቶ ሲታይ መሸጥ ተከለከለ። እንዲህ ተታልሎ የገዛ ሰው ሦስት ቀን የመምረጥ መብት ተሰጠው፤ ከመለሰ ስለ ጠጣው ወተት አንድ ቁና ቴምር ጨምሮ ይመልሳል። አሁን መኪና ልታይ ስትሄድ ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ፣ አሙቆ ከጠበቀህ፣ ጡቷ የሞላ በግ ፊትህ ቆማለች ማለት ነው።

ምክንያቱን ልንገርህ። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን በእሳት ብልጭታ አይነሳም። ናፍጣው የሚቀጣጠለው አየሩ ሲሊንደር ውስጥ ታምቆ ከሚፈጥረው ግለት ነው። ፋሻው የተበላ ሞተር አየሩን አምቆ መያዝ ያቅተዋል፤ ሲቀዘቅዝ ይህ ይታወቅበታል፣ ከሞቀ በኋላ ግን ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ እንደደረስክ እጅህን ኮፈኑ ላይ አሳርፍ። ከሞቀ "ነገ ጠዋት እመለሳለሁ" በለው። እንጅባራ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ጠዋቷን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ለናፍጣ ሞተር ከዚያ የተሻለ መፈተኛ አይገኝም። ሞተሪኖው ብዙ ከለፋ፣ ከተነሳም በኋላ እየተንቀጠቀጠ ነጭ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ አንድ ነገር አለ፤ ምናልባት ማሞቂያ ካንዴላው ብቻ ነው፣ ይህ ቀላል ነው፤ ምናልባት ግን የሞተሩ እስትንፋስ አልቋል።

ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭሱ ካልተወው፣ ራዲያተሩም ውሃ የሚጎድልበት ከሆነ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው። በጥቁሩ ጭስ ግን አትቸኩል። የእኛ አገር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር፣ ለምሳሌ በብዙ ሃያስና ሃይሉክስ ላይ ያለው ፋይቭ ኤል፣ ዳገት ላይ ትንሽ ቢያጠቁር ሻጩን ሌባ አያሰኘውም። የአየር ማጣሪያው ተቀይሮም ጥቁሩ ጭስ ካልቀነሰ ያን ጊዜ ስለ ኖዝሉና ስለ ፖምፑ ጠይቅ። የዘይቱ መጥቆርም ነውር አይደለም፣ የናፍጣ ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል። ወተት የነካው ቡና ከመሰለ ግን ውሃ ገብቶበታል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት፤ ጭስ በኃይል እየገፋ ከወጣ ፋሻው ሥራውን ትቷል። ወፍራም ዘይት ሞልቶ የሞተርን ኳኳታ ለሳምንት ዝም የሚያሰኝም አለና፣ ድምፁ ብቻ አያስደስትህ።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ወደ ኋላ መመለስ ለሚያውቅበት ከባድ ሥራ አይደለም። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ እስከ ብረቱ ተበልቶ ቆጣሪው 90,000 ካለ፣ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። ላስቲኩ አዲስ ከሆነም ለምን ተቀየረ በል። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ሳትጠይቅ ቀብድ አትክፈል፤ በነዚህ ቺንጋ ባላቸው ሞተሮች በየ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራል፣ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ የሞተሩ ዋጋ በአንድ ደቂቃ ይሄዳል። ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይዘህ ላሜራው ላይ ብታስጠጋ ስቱኮ ያለበትን ቦታ ይነግርሃል። ድንች ሲጭን የኖረ ከሆነ ከሥሩ ገብተህ ባሌስትራውንና ሻንሲውን እይ፣ የተበየደበት አለ ወይ።

እስካሁን የተናገርኩት ለገዢ ነው። ከባዱ ጥያቄ ሻጩ ላይ ነው፣ በተለይ አንተ ራስህ ተሸውደህ ገዝተህ ከሆነ። ብድሩ አለብህ፣ ቤተሰብ ይጠብቃል፣ ቴስታታው ሁለት ጊዜ ተከፍቷል፣ ደላላው ደግሞ "ዝም በል፣ ጠዋት አሙቀን እናሳየዋለን" ይልሃል። በልብህም "እኔንስ ማን አዘነልኝ?" ትላለህ። ይህን ስሜት አልንቀውም። ግን አስብ፤ ገንዘብህን የወሰደው የሸጠልህ ሰው ነው። ነገ የሚመጣው ልጅ ከአንተ ምንም አልወሰደም። ሸሪዓው ለተሸወደ ገዢ የሰጠው መብት ወደ ኋላ፣ ወደ ሸጠው ሰው የሚመለስበት መብት ነው። ድሮ የነበረ የተደበቀ ዐይብ ካገኘህ መኪናውን የመመለስ ምርጫ አለህ። እንከኑን ካወቅህ በኋላ ወራት ስትነዳበት ከቆየህ ግን ወደደው ተብሎ ሊቆጠርብህ ይችላልና ፈጥነህ ተናገር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢው እንከኑን ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይፈልጋል። ወደ ፊት፣ ወደማያውቅህ ሰው የሚወስድ መብት ግን በሁለቱም ውስጥ አላገኘሁም።

"ታዲያ እንዳለ ነው የሸጥኩት ብዬ ውል ላይ ብጽፍስ?" ትለኝ ይሆናል። ዑለማዎች በዚህ ላይ ተለያይተዋል። ዑስማን (ረ.ዐ) ግን እንዲህ ያለ ሽያጭ ክርክር ሆኖ ሲቀርብላቸው፣ ሻጩ እንከኑ እንዳለ እያወቀ እንዳልሸጠ እንዲምል ጠየቁት። ይህ ብዙ ያሳያል፤ ሐረጉ የማታውቀውን እንከን ሊሸፍንልህ ይችላል፣ የምታውቀውን ግን እንዴት ይሸፍናል? የአገሪቱ ሕግም ሻጭ እንከኑን በተንኮል ከደበቀ፣ ኃላፊነቱን የሚቀንስለት የውል ቃል አይጠቅመውም ይላል።

ሁሉንም ጭረትና ጩኸት ቁጠር ማለት አይደለም። ዑለማዎቹ ዐይብ የሚሉት በነጋዴዎች ዘንድ ዋጋ የሚቀንሰውን ነው። ስለዚህ መለኪያው ቅርብ ነው፤ ገዢው ይህን ቢያውቅ ዋጋ ይቀንስ ነበር? ከሆነ፣ ያ ልዩነት ቀድሞውንም የአንተ ገንዘብ አልነበረም። "እውነቱን ከተናገርኩ ማን ይገዛኛል?" የሚለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ሞተር አውርዶ መሥራት የሚችል መካኒክ ይገዛሃል፣ ለመለዋወጫ የሚፈልግ ይገዛሃል፤ በመኪናው ልክ ዋጋ ነው እንጂ የሚከፍልህ በሕልምህ ልክ አይደለም።

ገዢም ንጹሕ ነው ብለህ አትመን። አዊ የፈረስ አገር ነው፣ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲመጣ ማየት በቂ ነው፤ ስለዚህ የጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) የፈረስ ግዢ ይገባናል። አገልጋያቸው በ300 ዲርሃም ተስማምቶ ባለፈረሱን ሲያመጣላቸው፣ ጀሪር ፈረስህ ከዚህ ይበልጣል እያሉ ዋጋውን ራሳቸው እየጨመሩ 800 አደረሱት። ለሙስሊም ሁሉ ቅን ልሆን ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ገብቻለሁ ነበር ምክንያታቸው። ባሏ የሞተባትን ሴት መኪና "ሞተሩ አልቋል" ብሎ አስፈራርቶ በግማሽ ዋጋ የሚወስድ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ የት ይቆማል? ሊገዛ ሳይፈልግ ዋጋ እየጠራ የሚያሟሙቅ የደላላ ጓደኛስ? ይህኛው ነጀሽ ይባላል፣ በስሙ የተከለከለ ነው። መካኒኩንም አንተው ክፈለው፤ ሻጩ "የኔ ልጅ ያየዋል" ካለህ አመስግነህ የራስህን አምጣ።

አንድ እንከን ደግሞ ከገንዘብ በላይ ነው። ፍሬኑ። ይህ መኪና ነገ ሰው ጭኖ ባሕር ዳር ይሄዳል፣ አንድ ቀን ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ከደጀን ቁልቁል ዓባይ በረሃን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ፍሬኑ እንደሚከዳ እያወቀ ዝም ያለ ሻጭ የደበቀው ከገዢው ብቻ አይደለም፤ የወንበር ዋጋ ከፍላ ልጅ አዝላ ከገባች ከማያውቃት እናት ነው። እርሷ ደግሞ ፍሬኑን የመጠየቅ ዕድሉ እንኳ የላትም።

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ 282፣ ስለ ብድር ውል፣ ስለ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። ስለዚህ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክር፣ የባንክ እገዳ እንዳለበት መንገድ ትራንስፖርት ጠይቅ፣ ስሙ ሳይዛወር በቃል ብቻ አትውሰድ። ውሉ ላይም አንድ መስመር አስጨምር፦ "ሻጭ የሚያውቃቸው እንከኖች እነዚህ ናቸው"፣ ከሥሩም ይዘርዝራቸው፤ ቴስታታው ተከፍቷል፣ ፍሪሲዮኑ ተዳክሟል፣ የቀረ የለም። ሻጩ ይህን መስመር ለመፈረም ካንገራገረ፣ ሻይህን ጨርሰህ ሂሳብህን ከፍለህ ተነሣ።

ጁምዓ ሙባረክ።