የተሸከምነው ውሃ የማን ነው?

በካሊፎርኒያ ጆሹዋ ትሪ የሚባል የበረሃ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ድንኳን ከሚተከልባቸው ሰፈሮች በአብዛኞቹ ውሃ ስለማይገኝ፣ ጎብኚ ሁሉ ለአንድ ቀን ቢያንስ 4 ሊትር ያህል ይዞ እንዲገባ ይመከራል። በእግር የሚጓዝ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ስፍራ በኅብረት ስንጓዝ የአንዱ ውሃ መንገድ ላይ ቢያልቅ፣ ተጠንቅቆ የያዘው ለዘነጋው ማካፈል ይገባዋልን?

«የእርሱን ቸልተኝነት ዕዳ እኔ ለምን እከፍላለሁ?» የሚል ይኖራል። ነገሩ ከንቱ አይደለም። ጠንቃቃው ሁልጊዜ ለዝንጉው የሚከፍል ከሆነ ጥንቃቄ ዋጋ ያጣል፤ የአንዱም ውሃ ለሁለት ሳይበቃ ቢቀር ሁለቱም ይወድቃሉ። ይሁን እንጂ ውሃ መዘንጋት በሞት የሚያስቀጣ በደል አይደለም። በሐሩር ውስጥ ውሃ ያጣ ሰው አእምሮው ይደክማል፤ መንገዱንም ይስታል። ጥፋቱን ሊያርም የሚችለው በሕይወት ሲተርፍ ነው።

ስለዚህ ማካፈል ይገባል እንላለን፤ ግን ማካፈል ብቻ አይበቃም። ውሃውን ተካፍለን ወደ ፊት ብንገፋ ሁላችንም አደጋ ላይ እንወድቃለን። የአንዱ ውሃ ለሁለት ሊበቃ የሚችለው አብረን ስንመለስ ነው። እንግዲያውስ ጠንቃቃው የሚሰጠው ውሃውን ብቻ ሳይሆን ሊወጣው የጓጓለትን ተራራ ጭምር ነው፤ ከባዱም ስጦታ ይህ ነው።

ወቀሳስ? ወቀሳም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጊዜ አለው። በመንገድ ላይ ውሃ፣ ከሰፈር ስንደርስ ምክር። ለሚቀጥለው ጉዞ ከመነሳታችን በፊትም አንዳችን የሌላችንን ኮዳ እንይ። ፍቅር ከጥማት በኋላ ብቻ ሳይሆን ከጥማት በፊትም ሥራ አለውና።