የመበለቲቱ ዘይትና የእኛ ኢሽቲራክ

ባለፈው እሑድ እዚሁ ጃል ኤል ዲብ ከጸሎት በኋላ ቡና ስንጠጣ አንዲት እህት «ስለ ኢሽቲራክ ዕዳ መጽሐፍ ቅዱስ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁላችንም ሳቅን። እኔን ግን ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ኦክቶበር 9 ቀን 2021 የዛህራኒና የዴር አማር ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው አገሩ በሙሉ የጨለመበትን ቀን፣ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። በዚያ ክረምት ከማዳም ቤት ወጥተን በሰዓት የምንሠራ አራት ሴቶች በአንድ ክፍል እንኖር ነበር። ዳውሌ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ከመጣ ትልቅ ነገር ነው። ለቀረው ከሰፈሩ ሞተር አምስት አምፔር ወስደን ለአራት እንካፈላለን። ማዞት ሲወደድ፣ ሊራው ሲወድቅ፣ የመብራቱ ሒሳብ ኪራዩን ሊያክል ምንም አልቀረው።

ደብተሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ከመካከላችን አንዷ ሥራ አጥታ ሁለት ወር ሳትከፍል ቀረች። እኔም ስሟንና ዕዳዋን በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ወዲህ እኛ መብራት አጥፍተን እስክንተኛ ድረስ እሷ በዚያ ብርድ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትቆይ ነበር። በኋላ ስጠይቃት «ያልከፈልኩበት መብራት ሥር እንዴት እቀመጣለሁ?» አለችኝ። ሰው ብርሃን ሲያፍር ያየሁት ያኔ ነው። ያሳፈርኳት ደግሞ እኔው ነኝ፣ እሑድ እሑድ መዝሙር የማስጀምረው።

2ኛ ነገሥት 4፥1-7ን አንብቡ። የመበለቲቱ ባል እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ሆኖም ዕዳ ጥሎባት ሞተ። እንግዲህ «ዕዳ ያለበት ሰው እምነቱ ጎድሎ ነው» የምንል አፋችንን እንያዝ። አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። እሷ ደረጃ ላይ አልተደበቀችም፣ ጮኸች እንጂ። ቤቷ ውስጥ የነበራት ጥቂት ዘይት ብቻ ነው። ዘይት በዚያ ዘመን ወጥም መብራትም ነበር፤ ማዞታቸው በሉት።

ኤልሳዕም ከጎረቤት ሁሉ ባዶ ማድጋ እንድትዋስ፣ ያውም ጥቂት እንዳይሆን ነገራት። ስንሰብክ ብዙ ጊዜ ተአምሩ ላይ እንቆያለን። እኔ የማስበው ጎረቤቶቹን ነው። ዕዳ እንዳለባት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በር ስታንኳኳ «አንቺማ መቼ ትመልሻለሽ» ብለው ቢሸኟት ኖሮ ዘይቱ የት ይፈስ ነበር? ማድጋው ሲያልቅ እኮ ዘይቱም ቆመ! ደግሞም ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍልና በተረፈው ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነው የታዘዘችው። የሚቀጥለውም ወር ታስቦበታል ማለት ነው።

ዘጸአት 22፥26-27 ላይ የሰው ልብስ መያዣ የወሰደ ፀሐይ ሳትገባ እንዲመልስ ታዝዟል፤ ድሀው ሌሊት የሚለብሰው ሌላ የለውምና። አበዳሪ መብት አለው፣ ብርድ ሲመጣ ግን መብቱ ወሰን አለው። (ፓስፖርታችንን የያዙብን ሰዎችም ቢያነቡት አይከፋም።)

ነገሩ የስንፍና እንዳይመስላችሁ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2023 ባወጣው ጥናት በሊባኖስ የጄኔሬተር ተጠቃሚ ቤተሰብ በአማካይ ከወር ገቢው 44 ከመቶ ለዚያው ያወጣል ይላል። ባለቤቶቹ እንዲህ ከሆኑ እኛማ ምን እንሆን?

ጸልዩ፣ ቆጣሪያችሁንም እዩ። ባለሞተሮች ቆጣሪ እንዲያስገቡ መንግሥት በ2018 አዝዟል፤ የኪሎዋት ሰዓቱን ዋጋ የኢነርጂ ሚኒስቴር በየወሩ ያወጣል። የወሩን መጀመሪያና መጨረሻ ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ልዩነቱን በዋጋው አባዙ፣ የአምፔሩን ቋሚ ክፍያ ጨምሩ። ሒሳቡ ካልገጠመ ዐረብኛ የምታነብ እህት ይዛችሁ ጠይቁ። አምስት አምፔር 1,100 ዋት ያህል ነው፤ የውሃ ማሞቂያና ምድጃ አብረው አይችሉበትም። ደግሞ አደራ፣ ለብርዱ ብላችሁ በተዘጋ ክፍል ከሰል አታንድዱ። ፍሙ ጭሱን ቢጨርስም የሚወጣው አየር ሽታ ሳይኖረው ተኝታችሁ ሳለ ይገድላል።

ያንን ወረቀት ቀድጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ድርሻዋን እስከ ፋሲካ ድረስ ለሦስት ተካፍለን ከፈልን፤ ከዚያ ሥራ አገኘች። አሁን ቡናው አጠገብ የምታዩት የኒዶ ጣሳ ከዚያ የመጣ ነው። ያላት ትጨምራለች፣ የቸገራት ትወስዳለች፣ ስም አይጻፍም። ጣሳውን የምትይዘው ያቺው ደረጃ ላይ ትቀመጥ የነበረች እህት ናት። የዚህ ወር ኢሽቲራክ ያስጨነቃት ካለች ለእሷ ቀስ ብላ ትንገራት፤ ለእኔ መንገር ግድ አይደለም።