የውሻ ውለታ

ጌታውን ሲጠብቅ እፉኝት የነደፈችው ውሻ መድኃኒት ይገባዋልን? የመንዝ ደጋ በብርዱ እባብ አያበዛም፤ ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ጀማ ወንዝ ቆላ በተወረደ ጊዜ ግን እፉኝትን አስቀድሞ የሚረግጣት ፊት ፊት የሚሄደው ውሻ ነው።

አንዳንዶች «መድኃኒቱ ለሰው እንኳ አልበቃም» ይላሉ። እውነት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 የእባብን ንድፊያ ከተዘነጉት በሽታዎች ቆጥሮታል። አንድ ጠርሙስ ብቻ ቢገኝ ሰው ይቀድማል። ነገር ግን መድኃኒቱ በብዙው የሚገኘው መርዙን በጥቂት በጥቂቱ እየተወጋ ከለመደ ፈረስ ደም ነውና፣ ሰው በእንስሳ ደም እየዳነ ስለ እርሱ የተነደፈውን «ውሻ ነው» ብሎ ቢያልፍ ፍርድ ያጎድላል። መድኃኒት ቢታጣ እንኳ ቁስሉን ሳይበጡ፣ ውሻውን ሳያስሮጡ፣ ተሸክሞ ወደ እንስሳት ሐኪም ማድረስ ይገባል። የሚበልጠውን ማስቀደም ጥበብ ነው፤ የሚያንሰውን መጣል ግን ውለታ መካድ ነው።